ባሕር ዳር ተቀምጦ አዲስ አበባ ያለን ሮቦት በአንጎል ሞገድ መንዳት ይቻላል? (የመመረቂያ ፕሮጀክት ጥያቄ)

ጠያቂ፦ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ፣ ባሕር ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። የአምስተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ስሆን፣ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር የመመረቂያ ፕሮጀክት ርእስ በመምረጥ ላይ እንገኛለን። ያሰብነው፣ አንድ ሰው እዚህ ባሕር ዳር ተቀምጦ፣ ራሱ ላይ በሚያጠልቀው የኢኢጂ ቆብ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ከራስ ቆዳ ላይ በሚቀዳ መሣሪያ) አማካይነት፣ አዲስ አበባ የሚገኝን አነስተኛ ባለ ጎማ ሮቦት እጁን ሳያንቀሳቅስ ወደ ፊት፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲነዳ ማድረግ ነው። አማካሪያችን ርእሱን ባይጠሉትም፣ «ርቀቱ ያስቸግራችኋል፤ ኔትወርኩ በተቆራረጠ ቁጥር ሮቦታችሁ ግድግዳ ሲገጭ ታያላችሁ» ብለውናል።

በዘርፉ ያላችሁ ሰዎች እንድታስረዱኝ የምፈልገው፣ ዋናው ችግር በእርግጥ ርቀቱ ነው ወይ የሚለውን ነው። ሰዎች በሐሳባቸው ድሮን ሲያበሩ የሚያሳዩት ቪዲዮዎች ምን ያህል እውነት እንደሆኑም ማወቅ እሻለሁ። በመጨረሻም፣ ልናገኝ የምንችለው መሣሪያ ስምንት ኤሌክትሮድ (ሞገዱን ከቆዳ ላይ የሚቀበል ነጥብ) ብቻ ያለው በመሆኑ፣ በእሱ ስንት ዓይነት ትእዛዝ መስጠት እንደሚቻል ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የሕክምና መሣሪያዎች መሐንዲስ

አማካሪያችሁን በአክብሮት ልቃወማቸውና፣ ርቀቱ ከችግሮቻችሁ ሁሉ ቀላሉ ነው። ፈተናው ያለው ከአንጎል ቅርፊት እስከ ራስ ቆዳ ባለችው ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ቦታ ውስጥ ነው።

ርቀት ድሮ የተፈታ ጉዳይ መሆኑን የዘርፉ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ሚጌል ኒኮሌሊስና ባልደረቦቻቸው፣ በአንዲት ትንሽ ጦጣ አንጎል ውስጥ ከቀበሯቸው ቀጫጭን ሽቦዎች ያገኙትን ሲግናል በኢንተርኔት ልከው፣ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርቀት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበረን የሮቦት ክንድ አንቀሳቅሰዋል። በ2008 ደግሞ በዚያው ቤተ ሙከራ በመራመጃ ማሽን ላይ የምትሄድ ሌላ ጦጣ፣ ጃፓን ኪዮቶ ውስጥ የነበረን ሰው መሰል ሮቦት አራምዳለች። ከሁሉ የሚያስገርመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው፦ ማሽኑ ጠፍቶ ጦጣዋ ከቆመች በኋላም፣ የሮቦቱን እግሮች በስክሪን እየተመለከተች ለሦስት ደቂቃ ያህል መራመዱን እንዲቀጥል አድርጋለች። እነዚህ ሙከራዎች ግን የተሠሩት አንጎል ውስጥ በገቡ ሽቦዎች ነው፤ የእናንተ መሣሪያ ሲግናሉን የሚያዳምጠው ከውጭ ሆኖ ነው።

ወደ ቪዲዮዎቹ ስንመጣ፣ እውነትም ማጋነንም አለባቸው። በ2013 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የቢን ሄ ቡድን አምስት ሰዎችን አሠልጥኖ፣ 64 ኤሌክትሮድ ባለው ቆብ ብቻ፣ በስፖርት አዳራሽ ውስጥ በተንጠለጠሉ ቀለበቶች መካከል ድሮን እንዲያበሩ አድርጓል። ሆኖም «ወደ ግራ ሂድ» የሚል ሐሳብ ከአእምሯቸው ያነበበ መሣሪያ አልነበረም። ግራ እጃቸውን እንደሚጨብጡ በምናባቸው ሲያስቡ ድሮኑ ወደ ግራ ይዞራል፤ ቀኙን ሲያስቡ ወደ ቀኝ፤ ሁለቱን እጆች ሲያስቡ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። እጃችን ዐርፎ ሳለ፣ እንቅስቃሴን በሚመራው የአንጎል ቅርፊት ያሉ የነርቭ ሕዋሳት በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ በኅብረት ይወዛወዛሉ። እጃችንን ስናንቀሳቅስ፣ ወይም እንደምናንቀሳቅስ አድርገን አጥብቀን ስናስብ፣ ይህ ኅብረት ይፈርስና የሞገዱ ኃይል ይቀንሳል፤ ቅነሳውም ለቀኝ እጅ በግራው፣ ለግራ እጅ በቀኙ የአንጎል ክፍል ጎልቶ ይታያል። ኮምፒውተሩ የሚለየው ይህን ብቻ ነው። በስሜትም ሆነ በቃላት የሚመላለስ ሐሳብ በዚህ መንገድ አይነበብም።

ስለ ትእዛዛት ብዛት ለጠየቃችሁት፣ ስምንት ኤሌክትሮድ በትክክለኛው ቦታ ከተቀመጡ ለሁለት፣ ቢበዛ ለሦስት ትእዛዝ ይበቃሉ። ይሁን እንጂ ከብዛቱ ይልቅ ትክክለኛነቱን ተከታተሉ። ሁለት ትእዛዝ ያለው ሥርዓት 70 በመቶ ጊዜ ብቻ ትክክል ከሆነ፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ የሚያስተላልፈው መረጃ 0.12 ቢት ያህል ነው (ፈጽሞ የማይሳሳት የሁለት ምርጫ ትእዛዝ 1 ቢት ያስተላልፋል)። 90 በመቶ ብታደርሱት ግን ወደ 0.53 ቢት ያድጋል፤ ማለትም በትክክለኛነት ላይ 20 ነጥብ በመጨመር ብቻ የመረጃው መጠን ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል። ጆናታን ዎልፖውና ባልደረቦቹ በ2002 ባሳተሙት የታወቀ የዳሰሳ ጽሑፍ፣ የዚያ ዘመን ሥርዓቶች ጣሪያ በደቂቃ ከ10 እስከ 25 ቢት እንደነበረ ገልጸዋል። በዚህ ፍጥነት ሮቦትን በየቅጽበቱ መንዳት ፈጽሞ የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ ሮቦቱ የሥራውን ድርሻ ራሱ መውሰድ አለበት፤ ዋናው ምክሬ ይህ ነው። በስዊዘርላንድ የሎዛን ፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም የሆሴ ሚላን ቡድን በ2015 ባሳተመው ሥራ 19 ሰዎች ካሜራ የተሸከመ ሮቦት የነዱ ሲሆን፣ ዘጠኙ ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸውና ሎዛን ያለውን ሮቦት ከሚኖሩበት ቦታ ሆነው የሚያዝዙ ነበሩ። ሮቦቱ ወደ ፊት የሚሄደውም ሆነ ከእንቅፋት የሚሸሸው በራሱ ዳሳሾች ነው፤ ሰውየው ትእዛዝ የሚሰጠው መታጠፍ ሲፈልግ ብቻ ነው። በቅሎ ተቀምጦ አቀበት የወጣ ሰው ይህን አሠራር ያውቀዋል፤ ልጓሙን በመሳብ አቅጣጫ ያሳያታል እንጂ ኮቴዋን የትኛው ድንጋይ ላይ እንደምታሳርፍ አይነግራትም። እናንተም «ወደ ፊት» የሚለውን ትእዛዝ ሰርዙት፤ ሮቦቱ በራሱ ይሂድ፣ በርቀት ዳሳሹ ግድግዳ ሲያይ ይቁም፣ ከአንጎል የሚጠበቀውም «ግራ» እና «ቀኝ» ብቻ ይሁን።

መልስ፦ የቴሌኮም ባለሙያ

ከላይ የተባለውን በኔትወርክ በኩል ላጠናክረው። ብርሃን በኦፕቲካል ፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ለመድረስ ፊዚክሱ የሚጠይቀው 3 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። በመካከል ያሉት መሣሪያዎች ይህን ብዙ እጥፍ ቢያደርጉት እንኳ፣ የኢኢጂ ሥርዓታችሁ አንድን ትእዛዝ ለመወሰን አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ የሚሞላ ሞገድ መሰብሰብ ስላለበት፣ የኔትወርኩ መዘግየት ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 ዣክ ማሬስኮ ኒው ዮርክ ሆነው ስትራስቡርግ ለተኛች ታካሚ በሮቦት የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉ፣ በመካከል አትላንቲክ ውቅያኖስ እያለ አማካይ መዘግየቱ 155 ሚሊሰከንድ ነበር። በሰው ሆድ ውስጥ ቢላዋ ለመምራት ከበቃ ለባለ ጎማ ሮቦት ይበቃል።

አማካሪያችሁ የሠጉት መቆራረጥ ግን እውነተኛ ስጋት ነው። መፍትሔው ሮቦቱ ላይ ባለው ማይክሮኮንትሮለር ውስጥ የሚጻፍ አጭር ኮድ ነው፦ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ አዲስ መልእክት ካልደረሰው ሞተሩን ያጥፋ። ይህን ደንብ በባሕር ዳሩ ኮምፒውተር ላይ እንዳትጽፉት፤ መስመሩ ሲቋረጥ ያ ኮምፒውተር ሮቦቱን ሊያስቆም አይችልም።

ሌላው ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የማያስቡት ጉዳይ፣ በሞባይል ዳታ የሚሠራ ሮቦት ከውጭ በቀጥታ የሚጠራበት የራሱ ይፋዊ የኢንተርኔት አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ የማይኖረው መሆኑ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች የሚገናኙበት ሰርቨር ያስፈልጋል፤ ሰርቨሩን አውሮፓ ውስጥ ከተከራያችሁ መልእክታችሁ አዲስ አበባ ለመድረስ አውሮፓ ደርሶ ይመለሳል ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲያችሁን ሰርቨር ለመጠቀም ፈቃድ ብትጠይቁ ይሻላል። ከትእዛዙ ይልቅ የሚከብደው ደግሞ ከሮቦቱ ካሜራ የሚመለሰው ቪዲዮ ነው። ትእዛዙ ጥቂት ባይት ሲሆን ቪዲዮው መስመሩን ይሞላዋል፤ የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርጋችሁ ሳይዘገይ እንዲደርስ ማድረግ፣ ጥርት ብሎ ዘግይቶ ከሚመጣ ይልቅ ለነጂው ይጠቅመዋል።

መልስ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር

እኔ ግን ተማሪዎቹ ርእሱን እንዲያጠብቡት እመክራለሁ። ከራስ ቆዳ ላይ በሚገኝ ሲግናል ሮቦት መንዳት በአዳራሽ ውስጥ ጥሩ ትርኢት ይሆናል፤ ወደ ሰው ኑሮ የገባ እውነተኛ ውጤት የተገኘው ግን ኤሌክትሮዱ አንጎል ውስጥ ሲገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ማቲው ኔግል የተባለ፣ ኅብለ ሰረሰሩ ተቆርጦ እጅና እግሩ የማይታዘዝለት ወጣት፣ ጎኑ 4 ሚሊ ሜትር በሆነና 96 ኤሌክትሮድ ባለው ቺፕ ሰው ሠራሽ እጅ ከፍቶ ዘግቷል። በ2012 ይፋ በሆነው የብሬይንጌት ጥናት ደግሞ ካቲ ሃቺንሰን፣ በስትሮክ ምክንያት እጅና እግራቸው መታዘዝ ካቆመ ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በሮቦት ክንድ ጠርሙስ አንሥተው ቡና ጠጥተዋል። በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ናታን ኮፕላንድ የሮቦቱ ጣቶች የነኩት ነገር በቀጥታ አንጎሉ ውስጥ እንዲሰማው ሲደረግ፣ በ2021 እንደተዘገበው ዕቃ አንሥቶ ለማዛወር የሚፈጅበት መካከለኛ ጊዜ ከ20.9 ሰከንድ ወደ 10.2 ሰከንድ ወርዷል። መዳሰስ የሌለው እጅ ግማሽ እጅ መሆኑን ያሳየው ይህ ቁጥር በኢኢጂ መንገድ የሚገኝ አይደለም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ሮቦቱን ትታችሁ፣ በነጻ ከሚገኙ የኢኢጂ ስብስቦች ላይ የመለያ አልጎሪዝሞችን ብታነጻጽሩ የተሻለ ትማራላችሁ። ፊዚዮኔት በተባለው የሕክምና መረጃዎች የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ብቻ የ109 ሰዎች፣ በ64 ኤሌክትሮድ የተቀዳ የእጅና የእግር እንቅስቃሴና ምናብ መረጃ ተቀምጧል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የራሳችሁን ሞገድ ከቀዳችሁ የት እንደሚቀመጥ አስቡበት። ቺሊ በ2021 የአንጎልን መረጃ በሕገ መንግሥቷ ለመጠበቅ ማሻሻያ ያደረገች ሲሆን፣ በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ኢሞቲቭ የተባለው የኢኢጂ መሣሪያ አምራች የአንድን የቀድሞ ሴናተር የአንጎል መረጃ እንዲሰርዝ አዝዟል። በእኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ የተሳታፊዎችን የጽሑፍ ፈቃድ ሳትቀበሉ ሥራውን አትጀምሩ።

አስተያየት፦ አንባቢ፣ አዳማ

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ከተማሪዎቹ ፕሮጀክት ትንሽ ወጣ ያለ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከፎቅ ግንባታ ላይ ወድቆ አንገቱ ላይ ስለተጎዳ ከትከሻው በታች አይንቀሳቀስም፤ አንደበቱና አእምሮው ግን ሙሉ ናቸው። እንዲህ ያለ የሮቦት ክንድ ለእሱ በገንዘብም ሆነ በሌላ መንገድ ሊገኝ ይችላል? ቤተሰቡ ተሰባስቦ ወደ ውጭ ሊልከው ያስባል።

መልስ፦ የማገገሚያ ሕክምና ሐኪም

እግዚአብሔር ወንድምዎን ይማርልዎ። በአንጎል የሚታዘዝ የሮቦት ክንድ ዛሬ በገንዘብ የሚገዛ ሕክምና አይደለም። ከላይ የተጠቀሱት ሰዎች ሁሉ የምርምር ተሳታፊዎች ናቸው፤ ለመመረጥም ከምርምር ማዕከሉ አቅራቢያ ለዓመታት መኖርና በሳምንት በተደጋጋሚ መለማመድ ይጠበቅባቸዋል። በብዙዎቹ ላይ ገመዱ የራስ ቅላቸውን አልፎ ወደ ውጭ የሚወጣ ስለሆነ የኢንፌክሽን ስጋት ነበረባቸው። ኒውራሊንክ የተባለውን ገመድ አልባ የአንጎል ቺፕ ብንወስድ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በመጀመሪያው ሰው አንጎል ውስጥ ከገቡት ቀጫጭን ክሮች የተወሰኑት በሳምንታት ውስጥ ከቦታቸው ተንሸራትተው ነበር። ተስፋ የሚሰጥ ሥራ የለም ማለቴ አይደለም፤ በመጋቢት 2025 በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በስትሮክ የተጎዳ ሰው በአንጎሉ ገጽ ላይ በተቀመጡ ዳሳሾች አማካይነት የሮቦት ክንድን ለሰባት ወራት ያህል በመጠነኛ ማስተካከያ ብቻ ሲጠቀም አሳይተዋል። ይህም ቢሆን በአንድ ሰው ላይ የተሠራ ምርምር ነው። «እንሠራላችኋለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ተቋም ካገኛችሁ እባካችሁ አትክፈሉ።

ወንድምዎ መናገርና ራሱን ማንቀሳቀስ ከቻለ፣ ድምፁና የፊቱ እንቅስቃሴ ከየትኛውም የኢኢጂ ቆብ የሚበልጥ ፈጣን ትእዛዝ ይሰጡታል። በአዳዲስ የአንድሮይድ ስልኮች የተደራሽነት ክፍል ውስጥ ስልኩን በካሜራ ፊት በሚደረግ ፈገግታ ወይም ቅንድብን በማንሣት ማዘዝ የሚያስችል አገልግሎት አለ፤ ጉግልም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አማርኛን በድምፅ ይጽፋል። የቤተሰቡን ገንዘብ ግፊትን ለሚቀንስ ፍራሽ፣ ለጥሩ ተሽከርካሪ ወንበርና ለፊዚዮቴራፒ አውሉት። በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን ማገላበጥ የሚከላከለው የመኝታ ቁስል፣ እንደ እሱ ያሉ ታማሚዎችን ሕይወት ከሚነጥቁት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ጠያቂ፦ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ

ለሁላችሁም እጅግ አመሰግናለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ተወያይተን ሮቦቱን ላለመተው፣ ነገር ግን ትእዛዙን ወደ «ግራ» እና «ቀኝ» ለማጥበብና ቀሪውን ለሮቦቱ ለመስጠት ወስነናል፤ አልጎሪዝሙን መጀመሪያ መምህሩ በጠቆሙን የፊዚዮኔት መረጃ ላይ እንፈትነዋለን። ሁለት ነገሮች ግን አሳስበውናል። ከቡድናችን ሁለታችን ጸጉራችን የከረደደና ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ኤሌክትሮዱ ቆዳችንን በደንብ አይነካም። ከዚህ በተጨማሪ፣ ሮቦቱ ሲታጠፍ በእርግጥ በአንጎል ሞገድ እንጂ በዐይን እርግብግቢት ወይም በመንጋጋ ጡንቻ አለመሆኑን ለፈታኞቻችን በምን እናረጋግጣለን?

መልስ፦ የሕክምና መሣሪያዎች መሐንዲስ

የጸጉሩ ጉዳይ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ የኢኢጂ ቆብ ሲሠራ እንደ እኛ ያለ ጸጉር አልታሰበም። በ2020 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አርኔል ኢቲየንና ባልደረቦቿ ያቀረቡት መፍትሔ ጸጉሩን ከራስ ቆዳ ጋር አጣብቆ በመሥመር መጎንጎን ነው፤ ጉንጉኖቹ ኤሌክትሮዱ በሚቀመጥባቸው ነጥቦች መካከል ቆዳውን ገልጠው እንዲያልፉ ይደረግና፣ ኤሌክትሮዱ በጉንጉኖቹ ሥር በሚያዝ ማያያዣ ይጣበቃል። ይህ ሥራ ለእኛ አገር ሹሩባ ሠሪ አዲስ አይሆንባትም። ማያያዣው ባይኖራችሁም ሹሩባውን ነጥቦቹን አስለክታችሁ አሠሩና ጄል ተጠቀሙ፤ ለእናንተ ሥራ ዋነኞቹ ነጥቦች ከመሐል አናት በግራና በቀኝ ያሉት ሲ3 እና ሲ4 የሚባሉት ናቸው።

ፈታኞቻችሁ ያንን ጥያቄ መጠየቃቸው አይቀርም፤ ካልጠየቁም ራሳችሁ አንሡት፣ ምክንያቱም በኢንተርኔት ላይ ከምናያቸው «በሐሳብ የሚነዱ» መኪናዎች ብዙዎቹ የሚነዱት በጥርስ መንከስና በዐይን መጨፈን ነው። ከስምንቱ ኤሌክትሮዶች አንዱን ከዐይን አጠገብ፣ ሌላውን መንጋጋ ላይ አድርጋችሁ በስድስቱ ብቻ ትእዛዙን ለዩ። ከዚያም ያው አልጎሪዝም በሁለቱ የፊት ኤሌክትሮዶች ብቻ ቢመገብ ግራና ቀኝን መለየት ይችል እንደሆነ ፈትኑ። ከቻለ ሮቦታችሁን የሚነዳው ጡንቻ ነው። ካልቻለ፣ የቀኝ እጅ ምናብ ሲኖር በሲ3 ላይ፣ የግራ እጅ ሲሆን በሲ4 ላይ ከ8 እስከ 12 ኸርዝ ያለው ኃይል መቀነሱን የሚያሳይ ግራፍ ጨምሩበት። ቀረጻውን ላፕቶፑ ከቻርጀር ተነቅሎ በባትሪ ሲሠራ ብታደርጉት የመብራት መስመሩ 50 ኸርዝ ረብሻ ይቀንስላችኋል።

መምህሩ ኢኢጂን ትርኢት ብለው ማቅለላቸው ለእኔ አይዋጥልኝም፤ የራስ ቅል ሳይከፈት የሚሠራ ነገር ሆስፒታል ለራቀው ሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም ሌላ ነው። አንድ ነገር ላይ ግን ከእሳቸው በላይ ጥብቅ እንድትሆኑ እፈልጋለሁ፦ አልጎሪዝሙን ባሠለጠናችሁበት ቀን በተቀዳ ሞገድ ብቻ ፈትናችሁ ውጤት እንዳትጽፉ። ቆቡ ወልቆ በሌላ ቀን እንደገና ሲጠልቅ የኤሌክትሮዱ ቦታም ሆነ የሰውየው ሁኔታ ስለሚለወጥ ትክክለኛነቱ ብዙ ጊዜ ይወርዳል። የሥልጠናውና የፈተናው ቀረጻ በተለያዩ ቀናት ይሁኑ፤ በሪፖርታችሁም የሁለተኛውን ቀን ቁጥር አስቀድሙ። ሰውየው ምንም ትእዛዝ መስጠት ሳይፈልግ ዝም ብሎ የተቀመጠባቸውን ደቂቃዎችም ቅዱና፣ በእነዚያ ደቂቃዎች ሮቦቱ ስንት ጊዜ ሳይታዘዝ እንደታጠፈ ለብቻው ቁጠሩ።